የኮንዶሚኒየም ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ማመንጨት፦ «50 ኪሎዋት» የሚባለው ያስኬዳል?

ብሎክ 14፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቦይለር፣ በቆሻሻ ማቃጠያ ወይም በባዮጋዝ ሥራ ላይ ያላችሁ ብታግዙን። ግቢያችን አዲስ አበባ ነው፣ 400 አባወራ ይኖርበታል። አንድ አስመጪ የቤት ቆሻሻ እያቃጠለ ሌት ተቀን 50 ኪሎዋት የሚያመነጭ ማሽን አቅርቦልናል። ምድጃው፣ ቦይለሩ፣ የእንፋሎት ሞተሩና ጄኔሬተሩ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ተገጥመው ነው የሚመጡት። እኛ የምንፈልገው የውሃ ፓምፑን (5.5 ኪሎዋት፣ በቀን 4 ሰዓት ያህል ይሠራል) እና የደረጃና የግቢ መብራቱን ለመሸፈን ነው።

ቁጥሩ እውነት ነው ወይ? ጭሱስ? ክረምት ላይ ቆሻሻው ሲርስ ምን ይሆናል? ኮሚቴው ውስጥ «ረጲ ላይ (የከተማው ቆሻሻ ተቃጥሎ መብራት እንዲያመነጭ በተሠራበት) ከተሠራ በትንሹ ለምን አይሠራም» የሚሉ አሉ፣ ለእነሱ የሚሆን መልስ ያስፈልገናል።

ቦይለረኛው፦

ሌላውን ከማየታችሁ በፊት ሂሳቡን ሥሩት። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው በቀን የሚጥለው ወደ 0.45 ኪሎ ይጠጋል። በቤት 4 ሰው ብለን ብንይዝ 1,600 ሰው፣ በቀን 720 ኪሎ ቆሻሻ። ልጣጭና የምግብ ትራፊ የበዛበት ቆሻሻ በኪሎ 5 ሜጋጁል ሙቀት ከሰጠ ጥሩ ነው። 3,600 ሜጋጁል በቀን ማለት ነው፤ ለ86,400 ሰከንድ ሲካፈል ወደ 42 ኪሎዋት ይመጣል። ይህ ደግሞ ሙቀት ነው እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም። ስለዚህ ሰውዬው የሚሸጥላችሁ ኤሌክትሪክ ቆሻሻችሁ ውስጥ ካለው ጠቅላላ ሙቀት ይበልጣል። እዚህ ላይ ብናቆምም ያስኬድ ነበር።

ቢሆንም እንቀጥል። በዚህ መጠን ያለ ቦይለር እርጥብ ቆሻሻ ላይ ከሙቀቱ 60 በመቶ ገደማ ቢይዝ ነው። ከ8 እስከ 10 ባር በሚደርስ ተራ እንፋሎት የሚሠራ ትንሽ ሞተር ከዚያ ውስጥ ወደ ጉልበት የሚቀይረው አንድ አሥረኛውን ነው፣ ጄኔሬተሩም የራሱን ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ከ5 እስከ 6 በመቶ፣ ማለትም ከ2 እስከ 2.5 ኪሎዋት ነው። አየር የሚነፋው ፋን፣ ጭስ የሚስበው ፋን፣ የቦይለሩ ውሃ ፓምፕና ቆሻሻ የሚመግበው ሞተር ተደምረው የሚበሉትም 2 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ማሽኑ ራሱን ለማንቀሳቀስ ይሠራል ማለት ነው።

ወደ ኋላ ቆጥረን እንየው። በ6 በመቶ 50 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ለማውጣት 833 ኪሎዋት ሙቀት ይፈለጋል። ይህም በሰዓት 600 ኪሎ፣ በቀን ከ14 ቶን በላይ ቆሻሻ ነው፤ እናንተ ያላችሁ የዚህ ሃያኛ ነው። አስመጪውን በጽሑፍ ጠይቁት፦ 50 ኪሎዋት ያልከው በኪሎ ስንት ሜጋጁል ላለው ቆሻሻ ነው? በሰዓት ስንት ኪሎ ይበላል? ናፍጣስ? ብዙ ጊዜ የዚህ ዓይነት ማሽን ቁጥር የሚለካው በደረቅ የእንጨት ፍላጭ ነው፣ እሱ በኪሎ ከ15 ሜጋጁል በላይ አለው።

የደኅንነቱን ነገር ደግሞ አትርሱ። የ10 ባር ቦይለር ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ሥር ሲቀመጥ ሁለት የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ የውሃ ከፍታ ማሳያ ብርጭቆ፣ ውሃ ሲያንስ እሳቱን ራሱ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ፣ የተለሳለሰ ውሃ እና በሦስት ፈረቃ የሚቀያየር የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። አብዛኛው የቦይለር አደጋ የሚነሳው ከውሃ ማነስ ነው። ቱቦው ቀልቶ ሳለ አንዱ ደንግጦ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቅበታል። የከርሰ ምድር ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ያለ ማለስለሻ በጥቂት ወራት ቱቦው ውስጥ የኖራ ቅርፊት ይጋገራል፣ ሙቀት አላሳልፍ ይልና ብረቱ ይቃጠላል።

እንፋሎት፦

«ረጲ ላይ ከተሠራ» ለሚሉት መልሱ እዚያው ረጲ ቁጥር ውስጥ አለ። ነሐሴ 2010 የተመረቀው ማመንጫ የታቀደው በቀን 1,400 ቶን አቃጥሎ በዓመት 185 ጊጋዋት ሰዓት እንዲሰጥ ነው። የጥገና ቀናትን ቀንሳችሁ ብታካፍሉት ከአንድ ቶን 400 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ቶን ቆሻሻ በኪሎ 7 ሜጋጁል ቢኖረው በውስጡ 1,940 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለ፤ ስለዚህ ወደ መብራት የሚቀየረው 20 በመቶ ብቻ ነው። ይህም የሚገኘው በደንብ የጋለ ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት፣ ትልቅ ተርባይንና ኮንዴንሰር ስላለ ነው። በኮንቴይነር ውስጥ ይህን አታገኙትም። የእናንተ 720 ኪሎ በተአምር በኪሎ 7 ሜጋጁል ኖሮት በረጲ ብቃት ቢቃጠል እንኳ 11 ወይም 12 ኪሎዋት ነው የሚሰጠው።

እንፋሎቱን ከዚያም በላይ አግሎ ብቃቱን ማሳደግ ለምን አልተቻለም የሚል ካለ፣ ምክንያቱ ክሎሪን ነው። ከፕላስቲክና ከምግብ ጨው የሚወጣው ክሎሪን ከአመዱ ጋር የቦይለር ቱቦ ላይ ይለጠፋል፣ ብረቱ በጣም ሲግል ይበላዋል። በዚህ የተነሳ የቆሻሻ ቦይለሮች አብዛኞቹ 40 ባርና 400 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማሉ፣ የድንጋይ ከሰል ቦይለር ግን 540 ዲግሪ ይሄዳል።

አሁን እርጥበቱ። ቦይለረኛው በኪሎ 5 ሜጋጁል ያሉት ለበጋ ጠበቅ ያለ ነው፣ ለክረምት ግን ለጋስ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ያስቀመጠው መለኪያ የዓመቱ አማካይ ከ7 እንዳያንስ፣ በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 በታች እንዳይወርድ ነው። ከዚያ በታች ቆሻሻው በራሱ ሙቀት እየነደደ አይቀጥልም፣ ናፍጣ ይለምናል።

የበጋ ቆሻሻ፦ 40 በመቶ ውሃ፣ 20 በመቶ አመድና አፈር፣ 40 በመቶ የሚነድ ነገር እንበል። የሚነደው ደርቆ በኪሎ 19 ሜጋጁል ቢሰጥ 0.4 በ19 ሲባዛ 7.6 ነው። ውሃውን ለማትነን በኪሎ 2.44 ሜጋጁል ይጠፋል፤ ያ ሲቀነስ 6.6 ይቀራል። ያስኬዳል።

ክረምት ላይ ገንዳው ክፍት ነው፣ ዝናብ ይገባበታል። የእሸት በቆሎ ቆረቆንዳና ሽፋን፣ የጎመን ግንድ፣ የጫት ገረባ ይከመራል። 55 በመቶ ውሃ፣ 15 በመቶ አመድ፣ 30 በመቶ የሚነድ ሆነ እንበል። 5.7 ሲቀነስ 1.34፣ የሚቀረው 4.4 ገደማ ነው። ይህ ራሱን ችሎ አይነድም።

ትልልቆቹ ማመንጫዎች ይህን የሚያስተካክሉት ቆሻሻውን ባንከሩ (ማከማቻ ጉድጓዱ) ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን አቆይተው ውሃው እንዲወርድ በማድረግ ነው። የክሬኑ ሠራተኛም ቀኑን ሙሉ እያነሳ ይበትነዋል፣ ያገላብጠዋል፣ አሮጌውን ከአዲሱ ይቀላቅለዋል። ውጤቱን በላይኛው ምሳሌ እንየው። ከ1,000 ኪሎ ላይ 150 ኪሎ ውሃ ቢወርድ 850 ኪሎ ይቀራል፣ ከዚህ ውስጥ 400ው ውሃ ነው። ሙቀቱ በኪሎ ከ4.4 ወደ 5.6 ይወጣል። ትልቅ ለውጥ ነው፣ ግን 6 አልደረሰም። የወረደው ውሃ ደግሞ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ውሃ አይደለም፤ ከተራ ፍሳሽ ብዙ እጥፍ የከረረ ስለሆነ የራሱ ማጣሪያ ይፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የሳምንት ቆሻሻ አከማችቶ ይህን ማድረግ ሽታውንና ዝንቡን አስቡት።

ቁጥሬን አትመኑ፣ የራሳችሁን ለኩ። የአንድ ቀን ቆሻሻ ሸራ ላይ ዘርግታችሁ ፌስታሉን ሁሉ ቀዳችሁ በአካፋ አገላብጡት። ክምሩን በአራት ከፍላችሁ ሁለቱን ተቃራኒ ሩቦች አስወግዱ፣ የቀረውን ደግሞ እንዲሁ፣ 10 ኪሎ ገደማ እስኪቀር። ይህን መዝናችሁ በ105 ዲግሪ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ይበቃዋል። የጠፋው ክብደት ውሃው ነው። የደረቀውን ላቦራቶሪ 550 ዲግሪ ላይ ሲያቃጥልላችሁ የሚቀረው አመዱ ነው። ሰባት ቀን ተከታታይ፣ አንዴ በየካቲት፣ አንዴ በነሐሴ ሥሩት። በበዓል ሳምንት አትለኩ፣ የበግ ፈርስና የቄጠማ ጎዝጓዝ ቁጥሩን ያዛባዋል።

ጭስና ማጣሪያ፦

ስለ ጭሱ የተጠየቀው ስላልተመለሰ።

የአውሮፓ ሕግ የሚጠይቀው ጭሱ የመጨረሻው አየር ከገባበት ቦታ በኋላ ቢያንስ 850 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰከንድ እንዲቆይ ነው። ሻጮች «ሁለተኛ ክፍል (ጭሱ ዳግም የሚቃጠልበት) አለው» ብለው ያልፉታል። መጠኑን ግን ጠይቁ። ቀን ላይ ብቻ 8 ሰዓት ብታቃጥሉ በሰዓት 90 ኪሎ ነው። ከአንድ ኪሎ ወደ 4 ሜትር ኩብ ጭስ (በ0 ዲግሪና በባሕር ጠለል ግፊት ሲለካ) ቢወጣ 360 ሜትር ኩብ በሰዓት። 850 ዲግሪ ላይ ይህ 4.1 እጥፍ ይሰፋል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጭሱ ሌላ አንድ ሦስተኛ ይሰፋል። ተደምሮ በሰከንድ 0.55 ሜትር ኩብ ነው። ለ2 ሰከንድ እንዲቆይ ሁለተኛው ክፍል ብቻውን 1.1 ሜትር ኩብ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ ማሽን እዚህ ሲመጣ 0.8 ላይ ይቀራል፣ ፋኑም ከሚፈለገው አየር ሩብ ያህሉን ያጎድላል። ጥቁር ጭስ የሚያወጡ ብዙ አነስተኛ ማቃጠያዎች ሌላ ችግር የለባቸውም፣ አየር ነው የጎደላቸው።

ሁለተኛው ጣጣ አመጋገቡ ነው። በር ከፍቶ በአካፋ የሚመገብ ምድጃ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛ አየር ይገባበትና ሙቀቱ በመቶዎች ዲግሪ ይወርዳል፤ ከዚያ ፌስታሉ በአንድ ጊዜ ይነድና ኦክስጅን ያልቅበታል። በዚያች ደቂቃ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ጥቀርሻ የሰዓቱን ሁሉ ይበልጣል። መፍትሔው ሁለት በር ያለው መመገቢያ ነው፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት። ማለዳ ሲጀመርም በናፍጣ በርነር 850 ዲግሪ ሳይደርስ ቆሻሻ አይገባም። በየቀኑ አጥፍቶ በየቀኑ ማስነሳት ማለት በየቀኑ ናፍጣ ማለት ነው።

ዳይኦክሲን (ክሎሪን ያለበት ነገር ሲቃጠል የሚፈጠር መርዝ) እሳቱ ውስጥ ቢጠፋም ጭሱ ሲቀዘቅዝ ከ400 እስከ 250 ዲግሪ ባለው መሃል እንደገና ይፈጠራል፣ በተለይ አመድና መዳብ ባለበት። ስለዚህ ይህን ክልል በፍጥነት ማለፍ አለበት። ቀጥሎ ኖራና አክቲቭ ካርቦን ይረጭበታል፣ ከዚያ የጨርቅ ማጣሪያ። ማጣሪያው ከ140 እስከ 180 ዲግሪ መሃል መሥራት አለበት፤ ሲቀዘቅዝ አሲዱ ወደ ፈሳሽ ይቀየርና አመዱ ጨርቁ ላይ ሊጥ ይሆናል፣ ሙቀቱ ሲበዛበት ደግሞ ጨርቁ ይቃጠላል። የአውሮፓው የዳይኦክሲን ገደብ በአንድ ሜትር ኩብ ጭስ 0.1 ናኖግራም ነው። ይህን የሚያሟላ ማጣሪያ ዋጋው ከናንተ ምድጃ ይበልጣል፣ ስለዚህ በኮንቴይነሩ ውስጥ የለም ብላችሁ ውሰዱ። ውሃ የሚረጭ «ማጠቢያ» ብቻ ካሳዩዋችሁ እሱ ትልልቁን ብናኝ ነው የሚይዘው።

አመዱንም ለዩት። ከፍርግርጉ ሥር የሚወድቀው ከቆሻሻው ክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው፣ የእኛ አፈርና የከሰል አመድ ስላለበት ከዚያም ይበልጣል። ከማጣሪያው የሚወጣው ደቃቁ ትንሽ ነው፣ ግን እርሳስ፣ ካድሚየምና ዳይኦክሲን የተከማቸበት ነው። ሁለቱ አይቀላቀሉም፣ አትክልት ላይም አይበተኑም። ሕንፃችሁ ባለ አራት ፎቅ ከሆነ ደግሞ የኮንቴይነሩ አጭር ጭስ ማውጫ ልክ በላይኛው ቤት መስኮት ትይዩ ነው የሚሆነው።

ብሎክ 14፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ፦ ደረቁን ብቻ ለይተን ካርቶን፣ ፌስታልና ጨርቅ ብናቃጥልስ? የእርጥበቱ ችግር ይወገዳል።

ቦይለረኛው፦

ይወገዳል፣ ግን የምታቃጥሉት ያንሳል። ደረቁ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ፣ 120 ኪሎ ገደማ ቢሆን ነው። ሃይላንዱን፣ ጠርሙሱንና ብረቱን ቆራሌው ቀድሞ ይወስደዋል፣ መውሰዱም ደግ ነው። በኪሎ 18 ሜጋጁል ቢሰጥ በቀን 2,160 ሜጋጁል፣ 25 ኪሎዋት ሙቀት። በ6 በመቶ 1.5 ኪሎዋት። ፌስታል የበዛበት ነገር ደግሞ ፍርግርጉ ላይ ሳይነድ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ የአየሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ከአመዱ ጋር ድንጋይ ይሆናል። የቧንቧና የሽቦ ሽፋን ፒቪሲ ከገባበት እንፋሎት የጻፉት ክሎሪን ሁሉ እዚያ ነው። ካርቶኑን ለሚገዛ ሽጡት።

ጓሮ ጋዝ፦

እሳቱን እንርሳውና የእርጥቡን ቆሻሻ ነገር ላንሳ፤ ለማቃጠል ጠላት የሆነው ውሃ ለባዮጋዝ ያስፈልጋል። ከ720 ኪሎው ከግማሽ በላይ የወጥ ቤት ትራፊ ነው። ቤቶቹ በደንብ ቢለዩ በቀን 300 ኪሎ ንጹሕ ትራፊ ታገኛላችሁ ብዬ ልነሳ። ያልተለየ ቆሻሻ አታስገቡበት፣ ፌስታል ከላይ ተንሳፎ ቅርፊት ይሠራና ጋዙን ያፍነዋል።

300 ኪሎው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ ከ300 ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የአዲስ አበባ መሬት ወደ 18 ዲግሪ ነው፣ ባክቴሪያው ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ለቆላ የሚባለውን የ30 ቀን ቆይታ አትውሰዱ። 50 ሜትር ኩብ ከመሬት በታች የተገነባ ጉድጓድ 80 ቀን ያህል ያቆየዋል። በዚህ ሁኔታ ከአንድ ኪሎ 65 ሊትር ጋዝ፣ በቀን 20 ሜትር ኩብ ጠብቁ። አንድ ሜትር ኩብ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት አለው። በጋዝ ጄኔሬተር ሩቡ መብራት ቢሆን በቀን 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፓምፓችሁ በቀን 22 ይበላል። በሌላ አነጋገር ፓምፑን ይችላል፣ የደረጃ መብራቱን በአምፖል ቁጠባ። ግን ጄኔሬተሩ በዚህ ከፍታ ከተጻፈበት ኃይል ሩብ ያህል ስለሚቀንስና ፓምፑ ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ ለ5.5 ኪሎዋቱ ፓምፕ የ7 ሳይሆን ከ15 ኪሎዋት በላይ የሆነ ግዙ።

እውነቱን ለመናገር ጋዙን መብራት ማድረግ ብክነት ነው። ኮሚናሉ ውስጥ በምድጃ ብትጠቀሙበት ከግማሽ በላይ ሙቀቱ ድስቱ ሥር ይደርሳል። ለወጥ፣ ለቡና፣ ለውሃ ማፍላት። ለእንጀራ ምጣድ ግን ተራው ባለ አንድ ዓይን ምድጃ አይበቃም፣ መሃሉ ይቃጠላል ጠርዙ ሊጥ ይቀራል፤ ክብ በክብ ቀዳዳ ያለው ሰፊ በርነር ያስፈልጋል።

ሲጀመር ጉድጓዱን በቀጥታ በትራፊ አትሙሉ። የላም እበትና ውሃ እኩል በእኩል ቢያንስ ለሲሶው ያህል ሙሉና ነበልባል እስኪይዝ ጠብቁ። በዚህ ብርድ ከሁለት ወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በቀን 50 ኪሎ ትራፊ ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጨምሩ።

ብሎክ 14፦

የተረፈ እንጀራና ሽሮ በብዛት አለ፣ ይገባል? ሽታውስ?

ጓሮ ጋዝ፦

ይገባል፣ ጋዝም በደንብ ይሰጣል፣ ግን በፍጥነት ይፈርሳል። በአንድ ቀን ብዙ ከገባ አሲዱ ጋዝ ሠሪዎቹን ባክቴሪያዎች ይቀድማቸዋል። ምልክቱ ጋዙ እያለ አለመንደዱ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በዝቷል ማለት ነው። ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) በወረቀት ለኩ። ከ6.8 እስከ 7.5 ጤና ነው፤ ከ6.5 ከወረደ መመገብ አቁሙ፣ የተበጠበጠ ኖራ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ እስኪሆን ጠብቁ። ከበዓል ማግስት የሚመጣውን ክምር በሦስት ቀን ከፋፍላችሁ አስገቡት። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ፣ ዘይትና የበርበሬ ቅሪት በብዛት አይወድም።

የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከሽታው ይልቅ ሞተሩን ስለሚበላው ያሳስባል። ከጄኔሬተሩ በፊት በቧንቧ ውስጥ የዛገ የብረት ፍቅፋቂ ሙሉና ጋዙን በእሱ አሳልፉት። የለመደው ቡናማ ዝገት ጥቁር ሲሆን አውጥታችሁ አየር ላይ ዘርጉት፣ ቀለሙ ይመለሳል፣ ደጋግሞ ያገለግላል። ስትዘረጉት ይግላልና ወረቀትና ካርቶን አጠገቡ አይኑር። የጋዝ ቧንቧውንም ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ አጋድሉትና እዚያ የውሃ ማውረጃ ቫልቭ ግጠሙ፤ ማለዳ ማለዳ ጋዙ ቆራረጠ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመ ጤዛ ነው።